ግድቡ ተመረቀ፣ ሙቀቱ ግን በጣሪያ ይወጣል

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ግድብ የአገሪቱን የኃይል ታሪክ ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ ብሎ የሚከፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከምረቃው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመታት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኖ ተግባራዊ መሆን ጀምሯል። ሁለቱም ጉዳዮች በየቤቱና በየቢሮው ብዙ አነጋግረዋል። ስንት እናመነጫለን? ለጎረቤት አገሮች ስንት እንሸጣለን? በወሩ መጨረሻ ስንት እንከፍላለን? የሚሉት ጥያቄዎች ዛሬም አልበረዱም።

አንድ ጥያቄ ግን ሲነሳ አልሰማም። ያመነጨነውና የከፈልንበት ሙቀት በሚፈለግበት ቦታ ምን ያህል ይቆያል? ባለሙያዎች ኢንሱሌሽን የሚሉት ሙቀት ማገጃ ነገር በአገራችን የቅንጦት ዕቃ ተደርጎ ስለሚታይ፣ በግንባታ ዋጋ ዝርዝር ውስጥ ቢገባ እንኳ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። በሕንፃ ሥራ ላይ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ይህን በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ሰበቡም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ውድ ነው ይባላል።

የእኔ መከራከሪያ ይህ ሰበብ ግማሽ እውነት ብቻ ነው የሚል ነው። በዓለም ላይ እጅግ የረቀቁት ማገጃዎች በእርግጥም ውድ ናቸው። ለእኛ ቤትና ለእኛ ምጣድ የሚበቃው ግን ከገለባ፣ ከሱፍ፣ ከተጣለ ፕላስቲክና ከስምጥ ሸለቆ ድንጋይ ሊሠራ የሚችል ነው። የጎደለን የሚለካው፣ የሚመሰክርለትና የሚገዛው አካል ነው።

ማገጃው አየር ነው

ለነገሩ ሙቀት ማገጃ የሚባለው ነገር ከሞላ ጎደል የታሰረ አየር ነው። የመንዝ ሰው በርኖስ የሚደርበው፣ ደጋ ላይ ባና የሚለበሰው ሱፍ ራሱ ሙቀት ስለሚፈጥር አይደለም። በሱፉ ፀጉር መካከል የታሰረው አየር የገላን ሙቀት እንዳያመልጥ ስለሚይዘው ነው። አየር ሲንቀሳቀስ ሙቀት ተሸክሞ ይሄዳል፤ በጥቃቅን ኪስ ውስጥ ሲታሰር ግን ከምናውቃቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ ርካሹ ማገጃ ይሆናል።

መሐንዲሶች ይህን በቁጥር ይገልጹታል። አንድ ሜትር ውፍረት ባለው ነገር፣ በአንድ ካሬ ሜትር ስፋት ላይ፣ በሁለቱ ገጾች መካከል አንድ ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ሲኖር ስንት ዋት ያልፋል? ቁጥሩ ሲያንስ ማገጃው ይሻላል። ብረት 50 ያህል ነው። ኮንክሪት ከአንድ በላይ ነው። እንጨት 0.13 አካባቢ፣ ተጠቅጥቆ የታሰረ ገለባ ከ0.05 እስከ 0.08፣ የበግ ሱፍ ከ0.035 እስከ 0.045፣ ነጩ ፎም ከ0.033 እስከ 0.04 ነው። ያልተንቀሳቀሰ አየር ብቻውን 0.026 ይሆናል።

ከዚህ ዝርዝር አንድ ነገር መገንዘብ ይቻላል። በበግ ሱፍና በፋብሪካ ፎም መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በብረትና በሱፍ መካከል ያለው ግን ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። ትልቁ እርምጃ ከምንም ወደ አንድ ነገር መሄድ ነው እንጂ ከጥሩ ወደ እጅግ ጥሩ መሄድ አይደለም።

ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ

አያቶቻችን ይህን በስሌት ባያውቁትም በሥራ ያውቁት ነበር። በደንብ የተከደነ የጎጆ ሣር ውፍረቱ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከማገጃነት አንፃር ብቻ ከተመዘነ ዛሬ በአውሮፓ አዲስ ቤት ላይ ከሚጠየቀው ብዙም የራቀ አልነበረም። ይህን የምለው ወደ ሣር ቤት እንመለስ ለማለት አይደለም። ሣር ይቃጠላል፣ ያፈሳል፣ ተባይ ያስተናግዳል፣ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፤ በከተማም ሣሩ የለም። ሕዝባችን ቆርቆሮን የመረጠው በቂ ምክንያት ስለነበረው ነው።

ነገር ግን ሣሩን ስናወርድ ሁለት ነገር ነው ያወረድነው፤ ክዳኑንና ማገጃውን። ቆርቆሮው የተካው ክዳኑን ብቻ ነው። ማገጃውን የተካው የለም። አቡጀዴ ወጥሮ ቀለም መቀባት፣ ቀጥሎም ችፑድ ኮርኒስ መምታት የመጣው ይህን ክፍተት በተወሰነ ደረጃ ለመሙላት ነው። ኮርኒስ ያለውና የሌለው ቤት ልዩነቱን የኖረበት ሁሉ ያውቀዋል።

እስኪ በቁጥር እንየው። 20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው፣ ኮርኒስ የሌለው አንድ ክፍል እንውሰድ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ከቤት ውጭ ካለው ብርድ ይልቅ ውስጡን በ10 ዲግሪ ሞቅ አድርገን ለማቆየት ብንፈልግ፣ በጣሪያው ብቻ ወደ 1,400 ዋት ያለማቋረጥ ይወጣል። ከቆርቆሮው ሥር አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ማገጃ ቢደረግ ይህ ቁጥር ወደ 150 ዋት ይወርዳል። በመስኮትና በበር ሥር የሚገባው ንፋስ ለብቻው የሚታይ ሆኖ፣ የጣሪያው ብክነት ወደ አንድ አሥረኛ ዝቅ አለ ማለት ነው።

ቀን ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በጠራራ ፀሐይ አንድ ቆርቆሮ 60 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ውስጡ 30 ዲግሪ ቢሆን፣ ያው 20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ወደ ክፍሉ የሚለቀው ሙቀት በግምት 3,600 ዋት ነው። ይህ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋገርበት ከሚወስደው ኃይል ጋር እኩል ነው። በሰመራ፣ በጋምቤላ፣ በድሬዳዋ ወይም በጎዴ ከቆርቆሮ ሥር የሚቀመጥ ተማሪና የጤና ጣቢያ ታካሚ ከጭንቅላቱ በላይ የተሰካ ምጣድ ተሰቅሎ ነው የሚውለው። ያው አምስት ሳንቲ ሜትር ማገጃ ይህን ወደ 500 ዋት ገደማ ያወርደዋል።

አዲስ አበባ ለኑሮ የሚመች አየር ስላላት ይህ ሁሉ አያስፈልግም የሚል ክርክር በተደጋጋሚ ይነሳል። ክርክሩ በከፊል ትክክል ነው። አዲስ አበቤ ቤቱን በማሞቂያ አያሞቅም፤ ጋቢውን ይደርባል። ሆኖም ጋቢ የማይበቃው ሕፃን፣ አራስና አዛውንት ባለበት ቤት ብዙ ጊዜ የሚገባው የከሰል ማንደጃ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት የሚያስከትለውን ሞት በየዓመቱ እንሰማለን። ሽታም ቀለምም የሌለው የከሰል ጭስ መርዝ ቤተሰብን በአንድ ሌሊት ይጨርሳል። እንግዲህ ማገጃ የሚያድነው ብር ብቻ ሳይሆን ሕይወትም ጭምር ነው።

ምጣዱ

ከጣሪያ ወደ ማዕድ ቤት እንውረድ። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ከተማ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ከሚገለገልባቸው ዕቃዎች መካከል ይህን ያህል የሚስብ ሌላ የለም ለማለት ይቻላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጋግር ቤት በወር ከ40 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ለእንጀራ ብቻ ያወጣል።

ምጣዱ ሲሠራ ጥምዝምዙ ሽቦ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ላይ ወደ ሸክላው ብቻ አይሄድም፤ ወደ ታችም ይወርዳል። ሥሩ ጀሶን በመሰለ ከባድ ነገር የተሞላ ምጣድ እንውሰድ። የሸክላው ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር፣ የሥሩ ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር፣ በሽቦውና በምጣዱ ውጫዊ ክፍል መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት 300 ዲግሪ ቢሆን፣ ወደ ታች የሚባክነው 400 ዋት አካባቢ ይሆናል። ጀሶው ከፍተኛ ሙቀት በሚችል የድንጋይ ሱፍ ቢተካ ብክነቱ ወደ 100 ዋት ይወርዳል። ከዚህ ሌላ ከባዱ ጀሶ ራሱ እስኪሞቅ ድረስ የሚበላው ኃይል አለ። ቁርስ ሳይደርስ ምጣድ ለኩሶ የሚጠብቅ ሁሉ ያንን ጊዜ ያውቀዋል።

ማጋነን አልፈልግም። በምጣድ ላይ ትልቁ ብክነት በሥሩ ሳይሆን አክምባሎው በተነሳ ቁጥር ከላይ የሚወጣው ሊሆን ይችላል። ሸክላውም ቢሆን ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። ስለዚህ ማገጃ ብቻውን የምጣድን ወጪ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነጋዴ ቢመጣ አትመኑት። ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ቁጠባ ግን ያለ ብዙ ጥበብ የሚገኝ ነው።

ለአንድ ቤተሰብ በወር አራት ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው፤ ትንሽ ነው። ለአገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። አንድ መቶ ሺህ ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢሰካ 350 ሜጋ ዋት ይጠይቃል። ይህ 300 ሜጋ ዋት ከሆነው የተከዜ ግድብ አቅም ይበልጣል። ከእያንዳንዱ ምጣድ 300 ዋት ቢቀነስ 30 ሜጋ ዋት ይተርፋል። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ኃይል ማመንጫ አቅም 43.2 ሜጋ ዋት መሆኑን ስናስታውስ፣ በምጣድ ሥር ያለው ነገር የቆቃን ሁለት ሦስተኛ ያህላል ማለት ነው። በእርግጥ ይህ የሚሆነው የሽቦው ጉልበት አብሮ ከተቀነሰ ወይም ሲሞቅ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ከተገጠመ ብቻ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

ታዲያ ዓለም በዚህ ረገድ የት ደርሷል? ስለ ማገጃ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሰው ኤሮጄል ነው። ይህን ነገር አሜሪካዊው ኬሚስት ሳሙኤል ኪስትለር እ.ኤ.አ. በ1931 ነው ለዓለም ያስተዋወቀው። በውስጡ ያለው ጠጣር ነገር እጅግ ጥቂት ሆኖ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ይዘቱ አየር ነው። ቀዳዳዎቹ በጣም ጠባብ ከመሆናቸው የተነሳ የአየሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተጋጭተው ሙቀት የሚቀባበሉበት ቦታ ያጣሉ። በዚህ ምክንያት የማገጃ ቁጥሩ ከ0.013 እስከ 0.02 ይደርሳል፤ ከተራ አየር የተሻለ ነው። ማርስ ላይ የወረዱ የአሜሪካ ተሽከርካሪዎች ከቅዝቃዜው ለመጠበቅ ተጠቅመውበታል።

ከእሱም የሚብሰው አየሩ ተመጥጦ የታሸገ ሰሌዳ ነው። ቁጥሩ እስከ 0.004 ይወርዳል። የክትባት ሳጥንና ውድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ምስማር አይመታበትም፣ አይቆረጥም። አንድ ጊዜ ከተበሳ አየር ይገባበትና ጥቅሙ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ነገር በእኛ የግንባታ ቦታ፣ በእኛ አናጺ እጅ ማሰብ ያስቸግራል።

የኤሮጄል ውድነት ምክንያቱ ጥሬ ዕቃው አይደለም። ጥሬ ዕቃው ሲሊካ ነው፤ ከአሸዋ ጋር አንድ ዘር። ውድ የሚያደርገው ማድረቁ ነው። ከእርጥቡ ጄል ውስጥ ፈሳሹ እንደ ልብስ ተሰጥቶ ከደረቀ ቀዳዳዎቹ ተጨማደው ይፈርሳሉ። ስለዚህ በከፍተኛ ግፊት በተዘጋ ጋን ውስጥ መድረቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለ ግፊት የሚደርቅበት ኬሚካዊ ዘዴ ተገኝቶ ዋጋው መውረድ ጀምሯል። የሩዝ ገለፈት አመድን ወደ ኤሮጄል የለወጡ ቤተ ሙከራዎችም አሉ። የሩዝ ገለፈት ከሩዙ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ሲቃጠል አንድ አምስተኛው አመድ ሆኖ ይቀራል፤ አመዱም በአብዛኛው ሲሊካ ነው። ከአንድ ቶን ያልተፈተገ ሩዝ 40 ኪሎ ግራም አመድ ይገኛል ማለት ነው። በጣና ዳር በፎገራ ሜዳ ሩዝ በስፋት እንደሚመረት የሚያውቅ አንባቢ ሐሳቤ ወዴት እንደሚሄድ ይገምታል።

ሆኖም እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ግራም መሥራትና በቶን አምርቶ መሸጥ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ከፎገራ ኤሮጄል እስኪመጣ ቤታችንን ቆርቆሮ ብቻ አድርገን እንጠብቅ ማለት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ መሆን ነው። ምርምሩ ይቀጥል፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይሥሩበት። የዛሬው ቤት ግን ዛሬ ባለው ነገር ነው የሚሠራው።

በእጃችን ያለው

ዛሬ ያለው ምንድን ነው? በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያለው ፑሚስ እሳተ ገሞራ ራሱ አየር ሞልቶ የሰጠን ድንጋይ ነው። ብሎኬት አምራቾች ለክብደቱ ቀላልነት ይጠቀሙበታል። ስለ ሙቀት ማገጃነቱ ግን ሻጩም ገዢውም ሲነጋገሩ አልሰማሁም። የጤፍና የስንዴ ጭድ አለ፤ ጭቃ ቤት ሲመረግ የኖረበት ነው። ከወንጂ፣ ከመተሐራና ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች የሚወጣው የሸንኮራ አገዳ ገለባ ተጨፍልቆ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። የደጋ በግ ሱፍ አለ። የተጣለ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተፈጭቶና ተፈትሎ እንደ ጥጥ ንጣፍ መሆን ይችላል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ የተሠራ የጣሪያ ማገጃ በገበያ ላይ ይሸጣል።

የእነዚህ ሁሉ የማገጃ ቁጥር፣ ከፑሚሱ በስተቀር፣ ከውጭ ከሚገባው ፎም ጋር የሚቀራረብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም የግንባታ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። አገር ውስጥ ያለው ማገጃ ከዚህ በፊት ጥሩ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ አሁን የሒሳብ ጉዳይ ሆኗል።

ችግር የለባቸውም ማለት ግን አይደለም። ገለባ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ምስጥና አይጥ ይወደዋል። ሱፍ ብል ይበላዋል። ፕላስቲክ ይቀልጣል። ሁሉም መድኃኒት አላቸው፤ ኖራ፣ ቦራክስ፣ በጀሶ ሰሌዳ መሸፈን፣ ከመሬት ከፍ ማድረግ። ታዲያ ረቀቅ ያለ ማቴሪያል ማለት እኔ እንደሚገባኝ ይኸው ነው። አዲስ ንጥረ ነገር መፍጠር ብቻ ሳይሆን የታወቀውን ነገር እሳት፣ እርጥበትና ተባይ እንዲችል አድርጎ፣ በአንድ ዓይነት ጥራት፣ በብዛት ማምረት።

ርካሽ ሲባል

እዚህ ላይ አንባቢን ማስጠንቀቅ እወዳለሁ። የማገጃ ታሪክ ርካሽና ተአምረኛ ተብለው በኋላ ባስከፈሉ ነገሮች የተሞላ ነው። አስቤስቶስ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከሞላ ጎደል ለሁሉም ነገር የሚሆን ርካሽ ማገጃ ነበር። አይቃጠልም፣ አይበሰብስም። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነት ካንሰር እንደሚያስከትል ይናገራል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2005 ሙሉ በሙሉ አግዶታል።

ሁለተኛው ትምህርት የለንደኑ ግሬንፌል ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 በአንድ ማዕድ ቤት የተነሳ እሳት የሕንፃውን ውጫዊ ልባስ ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ፤ 72 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የታደሰው ውበት እንዲኖረውና ሙቀት እንዲቆጥብ ተብሎ ነበር። በሁለት ስስ አሉሚኒየም መካከል ፕላስቲክ የተሞላ ልባስ፣ ከጀርባው ደግሞ የሚቃጠል ፎም ተደርጎበት ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የወጣው የመጨረሻ የአጣሪ ጉባኤ ሪፖርት፣ ዕቃዎቹን የሠሩና የሸጡ ኩባንያዎች የእሳት ፍተሻ ውጤቶችን በተመለከተ ገበያውን ሆን ብለው እንዳሳሳቱ ገልጿል። ጥብቅ ሕግና የዳበረ ቤተ ሙከራ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ መርማሪ በሌለበት ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነው።

በከተሞቻችን ግንባታዎች በመስታወትና በአሉሚኒየም ልባስ እየተሸፈኑ ነው። ማማራቸውን አልቃወምም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በልባሱ መካከል ያለው ምንድን ነው? እሳት ይይዛል ወይስ አይዝም? ይህን በወረቀት የሚያሳይ የሕንፃ ባለቤት ስንት ነው? ፍርሃቴ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዳይሆንብን ነው።

ማን ይክፈል?

የማገጃ ትልቁ ችግር ኢኮኖሚያዊ ነው። ቤቱን የሚሠራውና ቤቱ ውስጥ የሚኖረው አንድ ሰው አይደሉም። ገንቢው አምስት ሳንቲ ሜትር ማገጃ ቢጨምር ወጪው የእሱ ነው፤ ጥቅሙ የተከራዩ ነው። ተከራዩ በበኩሉ ነገ ሊለቀው በሚችለው ቤት ጣሪያ ላይ ገንዘብ አያፈስም። የምጣዱም ነገር እንዲሁ ነው። በየሰፈሩ ምጣድ የሚሠራው ባለሙያ በሥሩ የተሻለ ነገር ቢያደርግ ዋጋው ይጨምራል። ገዢዋ ግን ሁለቱን ምጣዶች ጎን ለጎን ስታይ ልዩነቱ አይታያትም። ስለዚህ ርካሹን ትገዛለች፤ ጥሩ የሠራው ይከስራል።

ገበያ ብቻውን ይህን እንደማይፈታ የደቡብ አፍሪካ ልምድ ያሳያል። በኬፕታውን ካየሊትሻ ሰፈር ኩያሳ በተባለው አካባቢ ከ2,300 በላይ አነስተኛ የመንግሥት ቤቶች ማገጃ ያለው ኮርኒስ፣ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያና ኃይል ቆጣቢ አምፖል ተገጥሞላቸዋል። ቤቶቹ መጀመሪያ ሲሠሩ ኮርኒስ አልነበራቸውም፤ ክረምት ላይ ነዋሪው በላምባና በኤሌክትሪክ ይሞቅ ነበር። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2011 አገሪቱ አዳዲስ ሕንፃዎች ጣሪያቸው እንደየአካባቢው አየር ሁኔታ የተወሰነ የማገጃ መጠን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደረጃ አወጣች። የተጠቀሙት ማቴሪያል ለማርስ የተሠራው ዓይነት አልነበረም፤ ኮርኒስና ንጣፍ ነበር።

እኛ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመንግሥት ወጪ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኮንዶሚኒየም ሠርተናል። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ፣ ከላይ ኤጋ ቆርቆሮ። ዕጣው የመጨረሻው ፎቅ ላይ የጣለው ነዋሪ ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን፣ ክረምት ደግሞ የዝናቡን ጩኸት አንድ ላይ ያገኛል። በአንድ ትዕዛዝ የሚገዛው ይህን ያህል ጣሪያ በየትኛውም አገር ቢሆን አንድን ኢንዱስትሪ ከምንም ሊያስነሳ የሚችል ገበያ ነው። ያ ዕድል አልፏል። የቤት ፍላጎቱ ግን አልተሟላም፤ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ የመንግሥት ቢሮውም ገና ብዙ ይሠራል።

ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ መለኪያ ያስፈልጋል። የአንድን ማቴሪያል የማገጃ ቁጥር ለማወቅ በአንድ ሙቅና በአንድ ቀዝቃዛ ሳህን መካከል ናሙና አስገብቶ የሚያልፈውን ሙቀት መለካት ነው። መሣሪያው ከማንኛውም የሕንፃ ሊፍት አይወደድም። ከጎኑ የእሳት ፍተሻ መኖር አለበት። ይህ ቤተ ሙከራ ከሻጭም ከአምራችም ነፃ ሆኖ፣ ከሰላሌ ሱፍ ይዞ የመጣ ወጣትም ሆነ ፎም የሚያስመጣ ነጋዴ በተመጣጣኝ ክፍያ የሚስተናገድበት መሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው ምልክት ነው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ቁጠባን የመንግሥት ተቆጣጣሪ አካል ሥራ አድርጎታል። ከዚህ ሥልጣን ውስጥ ለተራው ሰው ትርጉም የሚኖረው በምጣዱ ጎን ላይ የሚለጠፍ፣ ማንም የሚያነበው ምልክት ነው። ይህ ምጣድ ለሠላሳ እንጀራ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል? ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ በሚጨምርበት ጊዜ እናቶች ይህን ቁጥር ከማንም በፊት ያሰሉታል። ያኔ ጥሩ የሠራው ባለሙያ ይሸጣል።

ሦስተኛው ገዢ ነው። መንግሥት በራሱ ገንዘብ በሚያሠራው እያንዳንዱ የቆላ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ጣሪያ ሥር ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር የተፈተሸ ማገጃ እንዲኖር በጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ መስመር ይጨምር። ከየት ይምጣ አይበል፤ ቁጥሩንና የእሳት ደረጃውን ብቻ ይወስን። ከጭድም ይሁን ከጠርሙስ፣ የሚያሟላው ያቅርብ። እርግጠኛ ገዢ እንዳለ ያወቀ ባለሀብት ማሽን ለመትከል ብድር ይጠይቃል፤ ባንኩም የሚያየው ውል ይኖረዋል።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ሆኖም ከአንድ ሜጋ ዋት ግንባታ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ይሰላ። አዲስ ተርባይን ለመትከል ብድር፣ የውጭ ምንዛሪና ዓመታት ይጠይቃል። በምጣድ ሥርና በቆርቆሮ ሥር ያለውን ክፍተት ለመድፈን የሚያስፈልገው ግን አናጺ፣ ሱፍ፣ ገለባና የሚታመን ማኅተም ነው። ግድቡን ከእያንዳንዱ ኪስ ብር አዋጥተን ገንብተናል። ያንን ያህል የከፈልንበትን ኃይል በቀዳዳ እንስራ እየቀዳን መቀጠሉ ለባለ አክሲዮኑ ሕዝብ የሚመጥን አይመስለኝም።